ፈታሹ «ባልሽ ይህ ነው?» ያላት ዕለት

ባለፈው ኅዳር የባለቤቴን የአትጠገብን ግራ ዓይን ሞራ ስለ ጋረደው አዲስ አበባ ላሳክማት ከባሕር ዳር በአውሮፕላን ተነሣን። ከቆሰበር እስከ ባሕር ዳር የልጅ ልጃችን በሚኒባስ አደረሰን። ቆሰበር እላለሁ፤ እንጅባራ ማለቱን ለልጆቹ ትቼዋለሁ። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ጫማ አውልቁ፣ ቀበቶ ፍቱ፣ ከዘራውን በማሽኑ አሳልፉ ተባልን። እኔ ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ ቆሜ ሳለሁ አንድ መልከ መልካም ወጣት ፈታሽ ከአትጠገብ ፊት በርከክ አለና፣ «እማማ፣ እግርዎን እዚህ ላይ ያሳርፉልኝ» ብሎ የጫማዋን ማሰሪያ ይፈታላት ጀመር። እሷም እጇን ትከሻው ላይ አሳርፋ አንድ ነገር አለችውና ሁለቱም ሳቁ። ምን እንዳለችው አልሰማሁም፤ ጆሮዬ ከደከመ ቆይቷል። ብቻ የማውቀው ነገር ደረቴ ውስጥ ቆንጠጥ አደረገኝ። ሰማንያ ካለፈኝ በኋላ፣ ሱሪዬን ይዤ፣ በካልሲ ሲሚንቶ ላይ ቆሜ ቀናሁ።

ከዚህ ስሜት ጋር በደንብ የተዋወቅነው በወጣትነቴ ነው። ያኔም አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ፣ ያኔም ፍተሻ ፊት ነበር።

ጊዜው በሃምሳዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። እኔ የቆሰበር ልጅ ነኝ፤ አፌን የፈታሁት በአገውኛ፣ ያደግሁት በፈረስ መካከል ነው። አባቴ ፈረስ ይነግድ ነበር። እኔም ሙያውን ከእሱ ተቀብዬ በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ ካሉ መንደሮች ውርንጭላ እየገዛሁ፣ እየገራሁ፣ ግምጃ ቤት ከተማና ዳንግላ ገበያ እሸጥ ነበር። አትጠገብ ደግሞ የዳንግላ ከተማ ልጅ፣ ጎንደር ተምራ የመጣች ነርስ ናት። የተገናኘነው አንድ ጉልበተኛ ፈረስ ረግጦኝ ጤና ጣቢያ የተወሰድሁ ጊዜ ነው። እግሬን እያሰረች፣ «ፈረሱን ምን አድርገኸው ነው?» አለችኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ፈረሱ ምን እንዳደረገኝ ይጠይቅ ነበር። ልቤ የሄደው በዚያች ጥያቄ ነው።

ስንጋባ ሰው ተገርሟል። እሷ ነጭ ለብሳ ከፈረንጅ ሐኪም ጋር በእንግሊዝኛ የምታወራ፣ እኔ ሁለት ቤት ርቄ እንኳ የፈረስ ላብ የምሸት ሰው። ከዘመዶቿ አንዱ፣ «አትጠገብ ጋጣ ልትገባ ነው» ማለቱን ሰምቻለሁ። እንዲያው በእልህ፣ የምወደውን ግራጫ ፈረሴን ሸጬ የወርቅ ቀለበት አሠራሁላት። በእኛ ዘንድ ቀለበት ገና ብርቅ ነበር፤ እሷም መርፌ ስትወጋ ካልሆነ በቀር አታወልቀውም ነበር።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ደምሰው የሚባል ሰው ነበር። ምንጭ ማጥራት፣ መጸዳጃ ማስቆፈር፣ የሥጋ ቤቶችን ንጽሕና መቆጣጠር ነበር ሥራው። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ አንድ ጊዜ ባሕር ማዶ ተምሮ ተመልሷል። ልብሱ በዚያ ሁሉ የዳንግላ ጭቃ ውስጥ እንዴት እንደማይቆሽሽ አንድም ቀን ሳይገባኝ ቀረ። ክፉ ሰው ቢሆን በወደድሁ ነበር። ነገር ግን ደግ ነው። እናቴ ታማ የተኛች ጊዜ ቋንቋዋን ሳያውቅ አጠገቧ ተቀምጦ እያሳቀ ሾርባ ያጠጣት እሱ ነው። ሰውን መጥላት ፈልጎ ምክንያት እንደ ማጣት የሚያቃጥል ነገር የለም።

አትጠገብ ለስድስት ወር ትምህርት ቤሩት እንድትሄድ መመረጧን የነገረችኝ መስከረም ላይ ነው። ደስ አለኝ፤ የእውነት ደስ አለኝ። ሁለተኛው ተመራጭ ደምሰው መሆኑን ስትጨምርልኝ ግን ደስታዬን የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።

መንገዱ አንድ አልነበረም። ከዳንግላ አዲስ አበባ፣ እዚያ ወርዶ ሌላ አውሮፕላን፣ ካይሮ ወርዶ ደግሞ ሌላ፣ ከዚያ ቤሩት። በወረዱበት ሁሉ ሻንጣ ይከፈታል፣ የክትባት ካርድ ይታያል፣ ምን ያዝህ ምን አልያዝህ ይባላል። ይህን ሁሉ የሚያውቀው ደምሰው ብቻ ነበር። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አትጠገብን ልወስዳት ሄጄ ፈረሴን ከጤና ጣቢያው ባሕር ዛፍ ስር ሳስር በመስኮቱ አየኋቸው። ደምሰው ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ከጠረጴዛ ወዲያ ተቀምጧል። አትጠገብ ከወዲህ ሻንጣ ይዛ ቆማለች። ፊቱን ኮሶ እንደ ጠጣ ሰው አኮሳትሮ በእንግሊዝኛ ይጠይቃታል፤ እሷ ትመልሳለች፤ ሻንጣዋን ይበረብራል፤ ከዚያ ሁለቱም በሳቅ ይፈርሳሉ። ፈረሴ ጆሮውን ቀስሮ እያየኝ እኔ ገመዱን ሦስቴ አስሬ ሦስቴ ፈታሁት።

«ፍተሻውን እየተለማመድን ነው እኮ» አለችኝ ስትወጣ። «ካይሮ ላይ እንዳልደናገር።»

«ምን ብሎሽ ነው እንዲያ የሳቅሽው?»

ትንሽ አሰበችና፣ «በአማርኛ ሲሆን አያስቅም» አለችኝ።

ያች መልስ ቤት እስክንደርስ አብራን ሄደች። ከሚስቴ ጋር የምንስቅበት ነገር ሁሉ በአማርኛ ነው። እሷ ያለችበት፣ እኔ የማልገባበት የሳቅ ክፍል እንዳለ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። እኔም የራሴ ቋንቋ ነበረኝ፤ ግን አትጠገብ አገውኛ የምታውቀው ከእናቴ ሰላምታና ከፈረሶቼ ጋር ሳወራ ከሰማችው አልፎ አልነበረም።

የጉዞው ቀን ጥቅምት ላይ ሆነ። ዝናቡ ካቆመ ቆይቶ ሜዳው ደርቋል፤ በዳንግላ ዙሪያ ያለው የኑግ ማሳ አብቦ አገሩ ሁሉ ቢጫ ሆኗል። የአውሮፕላን ማረፊያችን የሣር ሜዳ ነበር፤ አውሮፕላን ሲመጣ ዘበኛው ከብቶቹን በጅራፍ ያስወጣል፣ ሲሄድ ይመልሳቸዋል። እናቴ ለምራቷ በሶ በከረጢት፣ ማር በቅል አሲዛ ከቆሰበር መጣች። ደምሰው ቅሉን ሲያይ በትሕትና፣ «እሱ እንኳ አያልፍም» አለ። «እዚህ ቢያልፍ ካይሮ ላይ ይጥሉታል።»

«የእናቱን ማር መልሼላት ልሂድ?» አለችው አትጠገብ፤ ቅሉንም በነጠላ ጠቅልላ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው። እኔ በልቤ አንድ ለዜሮ አልሁ።

እኔም እስከ አዲስ አበባ ልሸኛት ቆርጬ ነበር። ሁለት ውርንጭላ ሸጬ ቲኬት ገዛሁ። አውሮፕላን ስሳፈር የመጀመሪያዬ ነው፤ ግን ሚስቴን ከሣር ሜዳ ላይ አስረክቤ የምመለስ ሰው አልነበርሁም። አትጠገብ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ ከጎኗ፣ ደምሰው ከፊታችን ተቀመጥን። ተነሥተን ወደ ደቡብ እንደ ዞርን ዘንገና ሐይቅን ከታች አየሁት፤ ክብ፣ ጥቁር፣ ጥርት ያለ፣ ልክ የፈረስ ዓይን። ልጅነቴን ሙሉ ፈረስ ያጠጣሁበት ውሃ ነው። ላሳያት እጄን ሳነሣ ደምሰው ዞር ብሎ፣ «ያውልሽ ዘንገና!» አላት። የገዛ አገሬን ቀድሞ አሳየብኝ። ወዲያው አውሮፕላኑ ተንገጫገጨና ሆዴ ተገለበጠ፤ ደምሰው ከረሜላ አቀበለኝ። በላሁት። ተሻለኝ፤ መሻሉ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

አዲስ አበባ ስንወርድ ሻንጣችንን ተቀብለን ወደ ባሕር ማዶ ተጓዦች አዳራሽ ተሻገርን። መካከሉ ላይ ከወገብ የማያልፍ የእንጨት አጥር ነበር። የማይሳፈር ሰው ከዚያ አያልፍም ተባለ። አትጠገብና ደምሰው አለፉ፤ እኔ ቀረሁ። ዝቅተኛ አጥር ነው፤ ፈረስ ሳይንደረደር ይዘለዋል። እኔ ግን ሁለት እጄን ጫፉ ላይ አድርጌ ቆምሁ።

ፈታሹ ሸምገል ያለ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ያሳረፈ ሰው ነበር። የአትጠገብን ሻንጣ ከፍቶ ነጠላውን ፈታና ቅሉን አነሣ።

«ይህ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«ማር ነው፣ አባቴ።»

«አያልፍም። ቢፈስ የመንገደኛውን ሻንጣ ሁሉ ያበላሻል። ደግሞም ካይሮ አያስገቡልሽም።»

ደምሰው ቅሉን ተቀብሎ በአጥሩ ላይ አቀበለኝ። «ብዬ ነበር» አላለም። ቢል ይሻለኝ ነበር።

«ወርቅ ይዘሻል?»

አትጠገብ እጇን አሳየችው። ከአገር የሚወጣ ወርቅ መመዝገብ እንዳለበት፣ መዝጋቢው ደግሞ ከምሳ በኋላ እንደሚገባ ነገራት። አውሮፕላናቸው ከዚያ በፊት ይነሣል።

«አውልቂውና ለፈንታሁን ስጪው» አለ ደምሰው ወደ እኔ እያመለከተ። «ካይሮም ቤሩትም መጠየቁ አይቀርም፤ በየደረስሽበት ከምትጨቃጨቂ ቤትሽ ቢቀመጥ ይሻላል።»

ምክሩ ልክ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ልክ ነው። ብቻ እኔ በጆሮዬ የሰማሁት አንድ ሰው ሚስቴን ቀለበቴን አውልቂ ሲላት ነው። ቀለበቱም እምቢ አለ። ጣቷን በምራቋ አርሳ፣ አዙራ፣ ጎትታ በግድ አወጣችው። ወደ አጥሩ መጥታ መዳፌ ላይ ስታስቀምጠው ገና ይሞቅ ነበር። «ጠብቅልኝ» ብላ ተመለሰች። ከቤቴ የወጣው ሁሉ አንድ በአንድ በአጥሩ ላይ ተመልሶ እጄ ገባ፤ የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

ፈታሹ ወረቀቷን ገልጦ አነበበ። «ባለትዳር ይላል» አለ። ባዶ ጣቷን አየ። አጠገቧ የቆመውን ባለ ኮት ሰው አየ። «ባልሽ ይህ ነው?»

ደምሰው ሳቀ። «አይደለሁም፣ አባቴ። የሥራ ባልደረባዋ ነኝ፤ አብረን ነው የምንሄደው። ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ።»

«ያንተን ኃላፊነት መች ጠየቅሁ? እኔ ባሏ መፍቀዱን ነው የጠየቅሁት። የት ነው ያለ?»

አትጠገብ ወደ እኔ አመለከተች። ሰልፈኛው ሁሉ ዞረ። ጋቢ የለበስሁ፣ በአንድ ብብቴ የማር ቅል፣ በአንድ እጄ ቀለበት የጨበጥሁ፣ ፊቴ ከአውሮፕላኑ ሕመም ገና አመድ የመሰለ ሰው ነበርሁ።

«አንተ፣ ቅረብ እስቲ። ሚስትህ ናት?»

«ናት።»

«ባሕር ማዶ ከዚህ ሰውዬ ጋር መሄዷን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ፈቅደሃል?»

ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ የልቡ ምኞት በሰሐን ቀርቦለት ብላ ይባላል። ለእኔ ያች ሰዓት ነበረች። አንድ ቃል ብናገር ያልቃል። ሻንጣዋ ይመለሳል፣ ቀለበቱ ጣቷ ላይ ይገባል፣ በነጋታው አውቶቡስ ይዘን አባይን ወርደን ወጥተን ዳንግላ እንገባለን፤ ደምሰው ብቻውን ቤሩት ሄዶ የፈለገውን ይሳቅ። የሚወቅሰኝ አልነበረም። ከሰልፈኛው መካከል አንዲት ሴት፣ «አይፈቅድም፣ ፊቱን አታዩትም?» ስትል ሰማሁ። ደምሰውን አየሁት፤ ዓይኑን ወለሉ ላይ ጥሏል። አትጠገብን አየኋት። ትለምነኛለች ብዬ ነበር። አልለመነችኝም። እጇን አጣምራ፣ ቀጥ ብላ ታየኝ ነበር።

ከዚያ ተናገረችኝ፤ በአገውኛ። አነጋገሯ ስብርብር ያለ ነው። «ቁም፤ አትደንግጥ፤ ውሃው ጥልቅ አይደለም» ነበር ያለችኝ።

ይህ ለሰው የሚባል ነገር አይደለም። ወንዝ የሚፈራ ለጋ ፈረስ ሳሻግር፣ አንገቱን እያሻሸሁ በጆሮው የምለው ነው። ከኋላዬ ተቀምጣ ስንት ወንዝ ስንሻገር ሰምታ እንደያዘችው እንጃ። ከነድምፁ፣ ከነመለሳለሱ ነው ያወጣችው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ቃሉን የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም። ደምሰው ቀና ብሎ አያት፤ ምን እንዳለች አልገባውም። ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር፣ እኔ በጤና ጣቢያው መስኮት ቆሜ የነበረኝ ፊት ነው።

«ፈቅጃለሁ» አልሁ። ከሚያስፈልገው በላይ ጮሄ ኖሮ ፈታሹ ደነገጠ።

«ደግ፤ እንግዲህ ቅልህን ቀና አድርግ፣ ጫማዬ ላይ እየፈሰሰ ነው» አለኝ።

ከደግነት ነው የፈቀድሁት ብዬ አልዋሽም። ግማሹ ቅናት ነው። «ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ» የሚል ሌላ ሰው እያለ፣ መፍቀዱም መከልከሉም የእኔ መሆኑ በሰው ፊት እንዲታይ ፈልጌ ነበር። ግማሹ ያ የፈረስ ቃል ነው። የትኛው እንደሚበልጥ መዝኜ አላውቅም። አትጠገብ በበሩ ስታልፍ አንድ ጊዜ ዞራ አየችኝ። ሻንጣዋን የያዘላት ደምሰው ነው።

ወደ አገሬ የተመለስሁት በአውቶቡስ ነው። ቅሉን ጭኔ ላይ አስቀምጬ የአባይን ቁልቁለት ስንወርድ አጠገቤ የተቀመጠው የደጀን ገበሬ ጠየቀኝ።

«ማሩ ለማን ነው?»

«ለሚስቴ ነበር።»

«ምን ሆነች?»

«ቤሩት ሄደች።»

ሰውየው ቤሩት ምን እንደሆነ አላወቀም መሰለኝ። ኮፍያውን አወለቀና፣ «እግዜር ያጽናህ» አለኝ። እኔም አሜን አልሁ። ማሩን ደብረ ማርቆስ ስናድር ከተሳፋሪው ጋር በዳቦ በላነው።

ስድስቱ ወር እንዴት እንዳለፈ አልጠየቅ። ቀለበቱን ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አስሬ በየገበያው ዞርሁ። ግምጃ ቤት ላይ አንድ ደንበኛዬ የፈረሴን ጥርስ እያየ፣ «ሚስቱን ያለ ልጓም የለቀቀ ሰው የገራውን ፈረስ ማን ይገዛል?» አለና ሰው አሳቀብኝ። ፈረሱን አልሸጥሁለትም። ማታ ማታ ጋጣ ስገባ ያንኑ የመስኮት ሳቅ እሰማ ነበር። አውሮፕላን በሰማይ ሲያልፍ እረኛው ሁሉ እየጮኸ ሲሮጥ እኔ አንገቴን እደፋ ነበር። እናቴ አንድ ቀን በአገውኛ፣ «ልጄ፣ ያልገባህን ሳቅ ሁሉ በአንተ ላይ ነው አትበል» አለችኝ። ልክ ናት አልሁ፤ አልተሻለኝም።

ሚያዝያ ላይ ተመለሰች። ሜዳው ደርቆ አቧራው ከአውሮፕላኑ በፊት ተነሣ። አትጠገብ ወረደች፤ ጠጉሯን አሳጥራለች፤ አረማመዷ ፈጠን ያለ ሆኗል። ከኋላዋ ደምሰው ወረደና ኮፍያውን አንሥቶ፣ «ፈንታሁን፣ ይኸው» አለኝ። እንዲያው የተዋሰውን ዕቃ እንደሚመልስ ሰው። በቅን ልቦናው ነው። እኔ ግን በዚያ በደስታዬ ቀን እንኳ እንደገና አቃጠለኝ። በዓመቱ ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛወረ፤ አግብቶ ወልዶ በሰላም ኖረ ሲሉ ሰማሁ። በመካከላቸው የሆነ ነገር ነበር ወይ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ለመጠየቅ የተነሣሁባቸው ቀኖች ነበሩ፤ አፌ ላይ ሲደርስ ትንሽ ጥያቄ ሆኖ አገኘው ነበር።

ምክንያቱም ከተመለሰች በኋላ የቀናሁት በሰው አልነበረም። ማታ ማታ ስለ ቤሩት ባሕር ታወራኝ ነበር፤ ከተማሩበት ሆስፒታል ሰገነት ላይ ሆነው ስለሚያዩት።

«ከዘንገና ይበልጣል?» አልኋት አንድ ቀን።

«ዘንገና እኮ ወዲያ ማዶ አለው» አለችኝ።

በባሕር ቀናሁ። በካይሮ ቀናሁ፤ ሻንጣዋን በከፈተው በማላውቀው ፈታሽ ቀናሁ። እኔ ያላየሁትን ባዩ ዓይኖቿ ቀናሁ። ደምሰው ለዚያ ሁሉ ነገር ስም ሆኖልኝ ኖሯል እንጂ፣ ያንገበገበኝ እሷ ያለፈችው እኔ የቀረሁት ነገር ነው።

እንግዲህ ባለፈው ኅዳር ባሕር ዳር ላይ ፍተሻውን ጨርሰን፣ ጫማችንን አድርገን የመሳፈሪያውን ሰዓት ስንጠብቅ ያልጠየቅሁትን ለመጠየቅ ድፍረት አገኘሁ። ስለ ደምሰው አይደለም።

«ያን ጊዜ፣ አዲስ አበባ ላይ» አልኋት፣ «አልፈቅድም ብልስ ኖሮ?»

ረስታዋለች ብዬ ነበር። በደህናው ዓይኗ አየችኝ።

«እመለስ ነበር» አለች።

«ዝም ብለሽ?»

«ዝም ብዬ። ቤትህ እገባለሁ፣ ሥራዬን እሠራለሁ፣ ልጆችም እወልድልሃለሁ። ምን አጎድልብህ ነበር?» ነጠላዋን አስተካከለች። «አንተ ግን ዕድሜህን ሙሉ ስትጠብቀኝ ትኖር ነበር። አጠገብህ ተቀምጬ።»

ስድስት ወር ጠበቅሁ እያልሁ ለልጆቼ፣ ለልጅ ልጆቼ፣ በየሠርጉና በየለቅሶው ለተገናኘሁት ሰው ሁሉ ሳማርር ስንት ዘመኔ። የሚመለስን ሰው መጠበቅ ቀላሉ መጠበቅ መሆኑን አላውቅም ነበር።